ያልተለቀቀው በረንዳ፦ የእትዬ ሃሎ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው አክስታችን ግንበኛ ከነበሩት አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ ያጥቡ ከነበሩት እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ሁለተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1964 ዓ.ም. አጠናቀው በዓመቱ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት በስልክ ኦፕሬተርነት ተቀጠሩ። የሥራ ክፍላቸው መስኮት የሌላት፣ በሯ ሲከፈት ወንበራቸውን የሚገፋባት ጠባብ ክፍል ነበረች። እዚያች ተቀምጠው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፅን ከድምፅ አገናኙ። የሠፈሩ ልጅ ሁሉ «እትዬ ሃሎ» የሚላቸው ለዚህ ነው። በ2001 ዓ.ም. በጡረታ ሲሸኙ ከአለቆቹ ግማሾቹ መልካቸውን ያዩት የዚያን ዕለት ነው።

በ1967 ዓ.ም. የድርጅቱ ጽዳት ሠራተኛ አበባዋ የደረቀ ብሮሚሊያድ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ስትጥል አይተው አወጧት። ብሮሚሊያድ የአናናስ ዘመድ ናት። ቅጠሎቿ መሃል ላይ እንደ ብርጭቆ ውሃ ይቋጥራሉ። በዕድሜዋ አንዴ ብቻ ታብባለች። አበባዋ ሲረግፍ ያለቀላት ትመስላለች፤ እሷ ግን ከጎኗ ልጆች አውጥታ አንድ ሁለት ዓመት ታሳድጋለች።

በ1970 ዓ.ም. ከአንድ የመኪና መካኒክ ጋር ተጋቡ፤ በ1976 ዓ.ም. ተለያዩ። ልጅ አልወለዱም። «ልጅ ስላጣች ነው ቅጠል የምታሳድገው» እያሉ የኖሩ ዘመዶች ዛሬም እዚህ ተቀምጠዋል። ቁጥር ይቁጠሩ፦ ተክሏ ባልዬውን በሦስት ዓመት ትቀድማለች።

ከዚያች ከአንዲት እናት ዘር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው በረንዳቸው ሠላሳ ሁለት ማሰሮ ሞላ። አሠራራቸው አይለወጥም። ልጅቷ የእናቷን ሲሶ ሳታክል ቢላ አይነካትም። ቢላው በአልኮል ይጠረጋል፤ የተቆረጠው አንድ ቀን ይደርቃል፤ ከዚያ በዛፍ ቅርፊትና በከሰል ስባሪ መሃል ትቆማለች እንጂ አትቀበርም። አላብብ ያለችውን ከበሰለ ፖም ጋር በላስቲክ ሸፍነው ያስቀምጧታል፤ ታብባለች። ጎረቤት ወስዶ ከርሞ «እትዬ ሃሎ፣ ያቺ ነገርዎ ሞተች» ሲላቸው፣ «ሞተች ከማለትህ በፊት ጎኗን አየህ?» ይሉት ነበር። አላየም። ማንም አያይም።

ከዚህ በታች ያለው ከጽሑፉ እንዲወጣ ታላቅ ወንድማቸው ጠይቀዋል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነውና አልወጣም።

ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ ብዙ ተስፋ እንደሌለ ሲናገር ወንድማቸውና ታናሽ እህታቸው ቤታቸው ሄደው በረንዳውን አጸዱ። ለለቅሶኛ ወንበር ቦታ ለማስለቀቅ ነው። የቤቱ ባለቤት አክስታችን ያን ሰዓት ሆስፒታል አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሾርባ ይጠጣሉ። «አበባቸው ደርቋል፣ ሞተዋል» ተብሎ ሠላሳ ሁለቱም ማሰሮ ወደ ቆሻሻ ወረደ። ከእያንዳንዷ እናት ሥር ልጆች ነበሩ።

እሳቸው ግን አልሞቱም። የካቲት 14 በእግራቸው ወደ ቤታቸው ገቡ። በረንዳው ላይ ተደራርቦ የቆመ የፕላስቲክ ወንበር አዩ።

«ጋሼ፣ ወንበሩ ለምንድነው?»

ወንድማቸው፣ ድንገት እንግዳ ቢበዛ ብለን ነው አሉ።

«እንግዳው ሊጠይቀኝ ነው ወይስ ሊቀብረኝ?»

የዛሬውም ለቅሶኛ የሚቀመጠው በእነዚያው ወንበሮች ላይ ነው።

እሳቸው ማሰሮዎቻቸውን ፍለጋ የደረጃውን ብረት ይዘው ሦስቱን ፎቅ ወረዱ። መኪናው ቆሻሻውን ወስዶት ነበር። የሕንፃው ዘበኛ ግን ከግንቡ ጀርባ አራት የተሰባበሩ እናቶች ፈልገው አገኙላቸው። አክስታችን የዳቦ ቢላ በአልኮል ጠርገው፣ የኩሽናውን ጠረጴዛ ተደግፈው፣ ሰባት ልጆች ቆረጡ። ጣት የማያክሉ ነበሩ። እናቶቹ ተሰብረዋልና የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበረም። አርባ ዘጠኝ ዓመት ያልጣሱትን ሕጋቸውን የገዛ ወገናቸው አስጣሳቸው። ከሰባቱ አምስቱ በሰበሱ። እያንዳንዷን በመነጽር አገላብጠው ሳያዩ አልጣሉም።

ሁሉም አበቃላቸው ካለ በኋላ በቤታቸው አርባ አምስት ቀን ኖሩ። በመጨረሻው ሳምንት ከአልጋቸው እጃቸውን ዘርግተው ከቀሩት ሁለቱ አንደኛዋን በቅጠሏ ይዘው ሳብ አደረጓት። አልተነቀለችም። «ይዛለች» አሉ። ሌላዋን ግን አልነኩም። ለምን ሲባሉ፣ «ብትነቀልስ?» አሉ።

መጋቢት 29 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። አንድ ወንድም፣ አንዲት እህት፣ ሦስት የወንድምና የእህት ልጆች፣ ሥር የያዘች አንዲት ተክልና መያዟ ገና ያልታወቀ አንዲት ተክል ትተው አልፈዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጠራራ በማይደርስበት፣ ብርሃን በማይጎድልበት ስፍራ ያሳርፍልን።

ሁለተኛዋ በመስኮቱ ደፍ ላይ ናት። ይዛ እንደሆነ ለማየት ማንም እንዳይስባት።