ምርኩዝ ያሉት ብረት

ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ፣ ጉልበትዎስ? የእማዬስ ግፊት ጋብ አለላት? ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳችኋል? እኔ የጠቆረ ጥፍሬንና የተላጠ መዳፌን ካልቆጠሩት ምንም አልጎደለብኝም። ይህን በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ ግን እርስዎ ያልወደዱት ወሬ ሲመጣ መስመሩ አይሰማም ብለው ስልኩን ለእማዬ ያቀብሏታል። ደብዳቤ ከያዙ ደግሞ ሳይጨርሱ እንደማያስቀምጡ አውቃለሁ።

ባለፈው ቢላዋ ስሞርድ እንዳያዘነብልብኝ ለሞረድ መምሪያ የሠራሁትን ብረት ፎቶ ስልክልዎ ምርኩዝ ነው ብለዋል አሉ። እጁን የማያምን ሰው ቢላዋ ሠሪ አይባልም ማለትዎንም ታናሽ እህቴ አንድ ቃል ሳትቀንስ አድርሳልኛለች።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ተናድጃለሁ። ሁለት ቀን ምግብ አልበላ ብሎኝ ነበር። እኔ እንደ እርስዎ አርባ ዓመት የሞረደ ክንድ የለኝም። ቀኑን ሙሉ የሆቴል ድስት ስፈትግ ውዬ፣ አከራዬ ወደለቀቁልኝ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ጥግ ስገባ ክንዴ ዝሏል። ሞረዱ ያዘነብላል፣ ስለቱ ይወላገዳል፤ አራት ቢላዋ እንዲህ ከጥቅም ውጭ ሆኖብኛል። ስለዚህ ክንዴ ያልቻለውን ብረት እንዲችልልኝ አደረግሁ። ምን አጠፋሁ?

ሳያዩት ስለፈረዱበት አሠራሩን ይስሙ። ቢላዋው ጠፍጣፋ ብረት ላይ በሁለት ብሎን ይታሰራል። ከፊት ለፊቱ ከላይ እስከ ታች የተበሳሳ ብረት ቆሟል። ከሞረዱ ጋር ያሰርኩት ዘንግ በአንዱ ቀዳዳ ያልፋል፤ ሞረዱ እንደ ልቡ ይሄዳል ይመለሳል፣ ማዘንበል ግን አይችልም። ስለቱ ምን ያህል እንደሚሳሳ የሚወስነው የቀዳዳው ከፍታ ነው። መጀመሪያ ከሳንቃ ነበር የሠራሁት፤ የክፍሉ እርጥበት ሳንቃውን አጎበጠውና ሁለት ቢላዋ ጠማማ ወጣብኝ። ጎረቤቴ ቧንቧ ሠሪው ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ፤ ሳቁን ሲጨርስ የአሮጌ በር ብረት ቆርጦ ሰጠኝ።

አሁን የሚያስቆጣዎትን ልናገር። በየትኛው ቀዳዳ እንደምሞርድ ግራ ሲገባኝ፣ ከቤት ስወጣ በፎጣ ጠቅልለው የሰጡኝን የእጅዎን ሥራ ቢላዋ አወጣሁ። ስለቱን በማርከር አጠቆርኩትና አስሬ፣ ሞረዱን ቀስ ብዬ አሳለፍኩበት። በመጀመሪያው ቀዳዳ ቀለሙ ከጀርባው በኩል ብቻ ተነሳ። በሁለተኛው እስከ መሃል። በሦስተኛው ከጀርባ እስከ አፉ ድረስ በአንዴ ጠራ። አይደንግጡ፣ ቀለሙ እንጂ ቢላዋው አልተነካም። እኔ ግን እዚያው ባልዲ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያ ቀዳዳ አርባ ዓመት ሙሉ ሞረድዎን የያዙበት ልክ ነው፣ አባዬ። ምርኩዝ ብለው የሰደቡት የገዛ እጅዎን ነው።

እህቴ ሌላም ነገር ነግራኛለች፤ እንዳይቆጧት። ቀኝ እጅዎ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሦስት ወር ሆኖታል። ቢላዋ የሚያስሩበትን ሞርሳ ጆንያ አልብሰውታል፣ ደንበኛ ሲመጣም ብረት አልቋል እያሉ ይመልሳሉ። ብረቱ ግን ጓሮ ተከምሯል። እኔ ይህን አልቀበልም። አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ ቢሉኝም አላርፍም።

መምሪያውን ፈታትቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ለራሴ ሌላ እሠራለሁ፤ ልኩን ይዤዋለሁ። ብሎኖቹን እማዬ ታጥብቅልዎ፣ እሷ የጀበና ክዳን እንኳን ላልቶ ማየት አትወድም። እጅዎ እንደፈለገ ይንቀጥቀጥ፣ ዘንጉ ይይዘዋል። ካልወደዱት ለብረት ለቃሚ ይስጡት፤ አንድ ቢላዋ ሳይሞርዱበት ግን እንዳይሰጡት።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። እህቴን ምላሷ ስለጠቀመኝ አመሰግናታለሁ ይበሉልኝ። ታላቅ ወንድሜንም ሰላም ይበሉልኝ፤ የወሰደውን ትንሹን ሞረድ ይመልስ፣ ሊፈልጉት ነውና። አክስቴን ከነልጆቿ፣ ግድግዳ የሚጋሩንን ልብስ ሰፊ ጭምር እጅ ነስቻለሁ።

ጆንያውን ያንሱት፣ አባዬ። ሦስተኛው ቀዳዳ ነው፣ ከታች ሲቆጥሩ።

አሻፈረኝ ያለችው ልጅዎ

ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
መጋቢት 11 ቀን