የእማማ ነሐስና የአሮጌዋ ባለሸራ ጀልባ ታሪክ

በሠፈሩም በወደቡም «እማማ ነሐስ» እየተባሉ የሚጠሩት ውድ እናታችን፣ ከወደብ መብራት ጠባቂው አባታቸውና ከልብስ አጣቢዋ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ከገመድ መጋዘኑ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ልጆች በሕፃንነታቸው ስላረፉ፣ እናታቸው ውሃ ሲቀዱም ልብስ ሲያሰጡም ከጀርባቸው ሳያወርዱ እንዳሳደጓቸው ይነገራል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ፤ የእጅ ጽሕፈታቸውን ግን መምህራቸው «ዶሮ የጫረው ይሻላል» ይሉት እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ያወሩን ነበር። አባታቸው ሲታመሙ ትምህርታቸውን አቋርጠው፣ በ1960 ዓ.ም. በወደቡ ቶርኖ ቤት የብረት ፍቅፋቂ ጠራጊ ሆነው ተቀጠሩ። ጠረጋውን እየጨረሱ ከማሽኑ አጠገብ ቆመው ሥራ ሲያዩ፣ የቶርኖ ቤቱ ኃላፊ «ዞር በይ፤ ይህ ማሽን ፀጉርሽን ከነራስሽ ይወስደዋል» አሏቸው። በማግሥቱ ፀጉራቸውን ተላጭተው መጡ። ኃላፊውም ያስተምሯቸው ጀመር። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስከ ወጡበት እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ በዚያው ቤት የመርከብ ዘንግና ብሎን ሲቀርጹ ኖሩ።

በ1966 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊው አባታችን ጋር ትዳር መሠረቱ። አባታችን መጀመሪያ ወደ ቶርኖ ቤቱ የመጡት የስፌት መኪናቸው ዘንግ ተሰብሮባቸው ነበር። እናታችን ሠርተው ሰጧቸው። በሳምንቱ አባታችን ያንኑ መኪና ተሸክመው ተመለሱ፤ መኪናው ግን ምንም አልሆነም ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ እናታችን «የተበላሸው መኪናው ነው ወይስ አንተ?» ብለው ጠየቋቸው። አባታችን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ «መኪናው ገና አልተጠገነም» ይሉ ነበር። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው፣ አስተምረው፣ ለወግ ለማዕረግ አበቁን።

እናታችን ጡረታ ሲወጡ ሰው ሁሉ አሁንስ ያርፋሉ ብሎ ነበር። በዓመቱ ከመርከብ መጠገኛው ግቢ ጀርባ፣ ወደ ጎኗ ተጋድማ የዶሮ ማደሪያ የሆነች አሮጌ ባለሸራ ጀልባ አዩ። በዕድሜ ከእሳቸው ትበልጣለች፤ ለማገዶ ልትፈለጥ ቀን ተቆርጦላት ነበር። የገመድ ማሰሪያዋን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ ቢያደርጉት፣ ከድርብርቡ ቀለምና ከዶሮው ኩስ ሥር ነሐስ ብልጭ አለ። ወደ ቤት እየሮጡ ገብተው ለአባታችን የነገሯቸው ቃል «ሰውዬ፣ ከነሕይወቷ ሊቀብሯት ነው!» የሚል ነበር። ጀልባዋን ለምነው ወሰዱ።

ጣውላዋ ግማሹ በስብሶ ስለነበር አናጺ ጓደኛቸው እየለወጡ ሠሩላቸው። ነሐሱን ግን ማንንም አያስነኩም ነበር። ገመድ ማሰሪያዎቿ፣ መዘውሮቿ፣ ምሰሶዋን የሚይዙት ሰሌዳዎች፣ ገመድ የሚወጥረው ባለጥርስ ከበሮ፣ ሁሉም ጀልባዋ ስትሠራ የተገጠሙላት ናቸው። «ለምን አዲስ አይገዙም?» ላላቸው ሁሉ «አያትህ ጥርስ ቢወልቅባቸው አዲስ አያት ትገዛለህ?» ይሉት ነበር።

ያን ዘመን ብሎን በእጅ እየተቆረጠ ለየቀዳዳው ለብቻው ይሠራ ነበር። በዓይን መንታ የሚመስሉ ሁለት ብሎኖች ቦታ ቢለዋወጡ አንዱ ይላላል፣ ሌላው የቀዳዳውን ጥርስ ይበላል። እናታችን «ብሎን ከቀዳዳው ጋር የቆረበ ነው» ይሉ ነበር። ስለዚህ አንድ ዕቃ ሲፈቱ እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቀዳዳ ጋር በአባታችን የስፌት ክር ያስሩታል። ቤታችን በክር በታሰረ ነሐስ ተሞላ፤ ከአልጋ ሥር፣ ከመስኮት ደፍ ላይ፣ አንዳንዴም ከሩዝ ጣሳ ውስጥ ይገኛል።

ሸራዋን የሰፉት አባታችን ናቸው። ሸራው ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ተዘርግቶ ስለነበር እኛ ግድግዳ ግድግዳውን እንደ ድመት እንሄድ ነበር። ሰፍተው ጨርሰው አጣጥፈው ባስቀመጡት ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ሸራው አንድም ቀን ነፋስ ሳያገኘው አረፉ። ከዚያ ወዲህ እናታችን ከዚህ ዓለም የሚሹት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ዓይናቸው ሳይከደን ያ ሸራ በነፋስ ሲሞላ ማየት።

በ2014 ዓ.ም. የልብ ድካም ሕመም ጠናባቸውና ሆስፒታል ገቡ። ሐኪማቸውም ጊዜው አጭር እንደሆነ ሳይደብቁ ነገሯቸው። በተኙበት ሳሉ የትልቋ ልጃቸው ባል፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ አማቻችን፣ ደስ ላሰኛቸው ብሎ ነሐሱን ከየጥጉ ለቃቀመ። የቆሸሸውን ክር በመቀስ ቆራርጦ ጣለና ሁሉንም በአንድ ሳፋ ውስጥ በሎሚና በጨው አሸው። እናታችን ተሽሏቸው ሲመለሱ ማዕድ ቤቱ እንደ ፀሐይ ያበራ ነበር።

«እማማ፣ አበራሁልዎ!» አላቸው።

እናታችን ጎንበስ ብለው ሳፋውን አዩ። «አብርተህልኛል ልጄ። የማን ባል የማን ሚስት እንደሆነ ግን እንግዲህ ማን ይንገረን?» አሉ። ነገሩ ሲገባው ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ቁጣም እርግማንም ከአፋቸው አልወጣም። በማግሥቱ ጠዋት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፈው፣ አማቻችንን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ጀመሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ብሎኑን በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል ያሽከረክሩታል፤ ከዚያ ከሰሌዳው ያዋድዱትና ገና አንድ ዙር ሳይዞር «የዚህ አይደለም» ይላሉ። እኛ ልጆቻቸው ያንኑ ብሎን ተቀብለን ብንዳስሰው ብረት ብቻ ነው። በእነዚያ ጣቶች ጎርሰን፣ በእነዚያ ጣቶች ታጥበን አድገን፣ ምን ያህል እንደሚያውቁ ግን አላወቅንም ነበር። ቤቱ ውስጥ ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚናገር ጠፋ። ልጆች እንኳ በእግር ጣታቸው ይራመዱ ነበር።

አማቻችንንም ያስተምሩት ነበር። «አትግፋው፤ ብሎን እንግዳ ነው፣ ቤቱን ካወቀ ራሱ ይገባል» ይሉታል። ሲቸኩል ደግሞ «ቀስ! ፌርማታ አላለፈህም» ይሉታል። አንድ ብሎን ጠፍቶ የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ በተፈታ ጊዜ፣ ብሎኑ ጠፍታ ከሰነበተች አንዲት የሻይ ማንኪያ ጋር ተቃቅፎ ተገኘ። ሥራው ወራት ፈጀ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ጋደም ይላሉ፣ ሲመለስላቸው ይቀጥላሉ።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀልባዋ ውሃ ገባች። ሐኪሙ ባሕር ላይ እንዳይወጡ ስለከለከሏቸው፣ እናታችን ጋቢ ደርበው ወደ ባሕሩ ከተዘረጋው የእንጨት መሻገሪያ ጫፍ በወንበር ተቀመጡ። መሪውን ዓሣ አጥማጁ ወንድማችን ያዘ። ሸራውን ማን ይሳበው ሲባል ጣታቸውን ወደ አማቻችን ቀሰሩ።

«እኔ? እማማ፣ እኔ የማውቀው አውቶቡስ ነው!»

«ያጠብከው አንተ፣ የምታረጥበውም አንተ። ውጣ!»

አንድ ብሎን ያለ ቦታው ገብቶ ቢሆን ምሰሶው በሁለቱ ላይ እንደሚወድቅ የቆምነው ሁሉ እናውቅ ነበር። ባለጥርሱ ከበሮ ቀጭ ቀጭ እያለ ዞረ። ሸራው ወጣ፣ ተርገበገበ፣ ከዚያም በአንድ ጊዜ ጢም ብሎ ሞላ። ጀልባዋ ወደ ጎን አዘነበለች፤ ምሰሶዋ አቃሰተ፤ ታላቅ እህታችን ዓይኗን ሸፈነች። ከመቶ ዓመት በፊት የተቆረጡት ብሎኖች ያን ሁሉ ነፋስ ተሸክመው አንዳቸውም ንቅንቅ አላሉም። ጀልባዋ ባሕሩን እየከፈለች ሄደች። እናታችን እኛን አላዩንም። በቀስታ «አንተ ሰውዬ፣ ሸራህ ያዘልህ» ሲሉ ሰማናቸው።

ከዚያ በኋላ ፈጣሪ አንድ ዓመት ጨመረላቸው። አማቻችንም ከወንድማችን ተምሮ ጀልባዋን ብቻውን ማውጣት ቻለ። እናታችን በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በመኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ። አማቻችን በዚያ ሰዓት ባሕር ላይ ነበር። ነፋሱ መልካም ነበርና፣ በራሱ ጊዜ እስኪመለስ ድረስ ከመካከላችን ማንም አልጠራውም። እሳቸውም ቢሆኑ አይጠሩትም ነበር።

እናታችን ሦስት ልጆች፣ አማቾችና ሰባት የልጅ ልጆች ትተዋል። በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቃችኋቸው፣ ዛሬም ለመሸኘት ለመጣችሁ ሁሉ ብድር መላሽ ያድርገን። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በብርሃኑ ይቀበልልን፤ የደከመ ልባቸውንም በሰላም ያሳርፍልን። አሜን።