ከወረፋ የተወረወረው ጀሪካኔ

ልጄ፣ ባለሽበት ክፉ አይንካሽ። ትናንት ጠዋት ጀሪካኔን ከወረፋው አንስቶ ዳር የወረወረው የገዛ አጎትሽ ነው።

ጎርፉ የውሃ መስመሩን ከቆረጠው ወዲህ መላው ሰፈር የሚቀዳው ከጋራ ጉድጓዱ ነው፤ ፓምፑን ፈትቼ የጠገንኩት እኔ መሐንዲሷ ነኝ፤ የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ግን አጎትሽ ሆነ።

«ልጇ ውጭ ያለች ሰው ከድሃ ጋር ምን ያጋፋታል? ውሃውን በፖስታ ትላክልሽ!» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። የፓምፑ ግሪስ ገና ከእጄ አልለቀቀም ነበር።

«እህቴ፣ ለዛሬ ይቅርብሽ» አለችኝ ጎረቤታችን፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

ጀሪካኔን መልሼ ቦታው አቆምኩት። ከጎኔ የቆመ አልነበረም፤ ተራዬ ሲደርስ ግን ቀዳሁ።

አንቺ በደንብ ብይ፤ አደራ፣ ለአጎትሽ አትደውዪለት። እድሜሽ ይርዘም። ፓምፑ ሲቆም «እህታችን»፣ ውሃው ሲመጣ «ልጇ ውጭ ያለች» መባልን ከእንግዲህ አልቀበልም።

እናትሽ