እናታችን የሞተችበት ምዕራፍ

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ተናድጃለሁና ይለፈኝ።

ሰፈራችን መጽሐፍ ውስጥ ሲገባ ያንተ የመጀመሪያው አይደለም። ጓሮ ተከራይቶ የነበረው ደራሲ በልቦለዱ ያቺን የሰፈራችንን ቦይ ወንዝ አደረጋት፤ ጡረተኛው ፖሊስ በትዝታው ሁላችንንም ሌባ አደረገን። ያው እንደምታውቀው፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲወጣ ፀጉር አስተካካዩ ቤት እንሰበሰባለን። እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሁሉም ራሱን ይፈልጋል፤ የሚስቅ ይስቃል፣ የሚያኮርፍ ያኮርፋል። አንተም እዚያ ተቀምጠህ ስንቱ ላይ ስቀሃል! ታዲያ ይህን እያወቅህ ምን ነካህ?

እማዬ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ማንበብ አትችልም። አንተ እንደሁ ከሄድክ የውሃ ሽታ ሆነህ ቀርተሃል፤ "ልጄ በመጽሐፉ መጣልኝ" እያለች፣ ያንተ ሲነበብ በየቀኑ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። እኔማ ጭራሽ አልተወለድኩም፤ "ለእናቴ አንድ ነኝ" ብለሃል። እሺ፣ እሱን ዋጥኩት። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ፀጉር አስተካካዩ ድንገት አፉ ተያዘና ወደ እኔ አየ። ተነስቼ መጽሐፉን ብቀበለው እናታችንን ገድለሃታል። "የሕይወቴ ትዝታ" ባልከው መጽሐፍ፣ ከነስሟ፣ ከነጉልበት ሕመሟ! ሰው እንዴት እናቱን በቁሟ ይቀብራል?

ምን ላድርግ? ከራሴ ፈጥሬ አነበብኩ። በር ላይ ቆማ ስትሸኝህ፣ አንተም ደጋግመህ ዞረህ ስታያት። ሰፈርተኛው ነገሩ ገብቶት ትንፍሽ አላለም። ያቺ ነገረኛ ልብስ ሰፊ እንኳ፣ አስበው፣ ዝም አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ እማዬ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ "አንቺ ልጅ፣ ውሸት አይሆንልሽም። ምን ብሎ ነው የጻፈኝ?" አለችኝ።

ነገርኳት። ትቆጣለች ስል መንገዷን ቀጠለች። ኋላ ቆም አለችና፣

"ቀብሬ ላይ መጥቷል?"

"መጥቷል። ሁለት ገጽ ሙሉ አልቅሷል።"

"ጎሽ" አለች። "ለቀብሬ መንገዱ ካልጠፋው፣ በቁሜም አይጠፋውም።"

ይኸው ከዚያ ወዲህ መኪና ደጃፍ ላይ በቆመ ቁጥር ተነስታ ፀጉሯን ታስተካክላለች። እኔም "ጎረቤት ነው፣ ተቀመጪ" ማለት ሰለቸኝ። ቦዩን ከፈለግህ ባሕር አድርገው፣ እኔንም ተወኝ። እሷ ግን አልሞተችም። ና።

በመጽሐፍህ ያልተወለድኩት፣
እህትህ