ደውሎ የሚመጣ ተቆጣጣሪ

ማክሰኞ፣ ፋብሪካው ዳግም በተከፈተ በአሥራ አንደኛው ቀን

አይ፣ አልጃጀሁም! ዓይኔም አልፈዘዘም! ጥቁር ውሃ ከንጹሕ መለየት አያቅተኝም። ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የምመልሰው፣ ታውቂኝ የለ?

የልጄ ልጅ፣ የኔ ዓለም፣ እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ የሚያኮርፈኝ ጉልበቴ ብቻ ነው።

በበሽታው ጊዜ የቆዳ ፋብሪካው ሲዘጋ ወንዙ ጠርቶ፣ ሰፈሩ ሁሉ ከዚያ መቅዳት ለምዶ የለ? አሁን ሬዲዮው «አገራችን እያገገመች ነው፣ ሥራውም ወንዙም አብረው ይድናሉ» ይላል። ሲሰሙት ደስ ይላል። አንቺም ያለ ማጣሪያ አይከፈትም ብለሽ ፈረምሽ። ማጣሪያውማ አለ፣ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ቆሟል! የሚሠራው ግን እናንተ ተቆጣጣሪዎቹ ስትመጡ ነው። ደውላችሁ እኮ ነው የምትመጡት! ልይዝህ ነው ብሎ ለሌባ የሚደውል የት አገር አለ? ስትሄዱ ማጣሪያው ይጠፋል፣ የጀርባው ቧንቧ ወደ ወንዙ ይከፈታል።

ማነው የሚከፍተው አትበይኝ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ በዚያ ውሃ ነው ልጇን የምታጥበው፤ በበሽታው ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ማስክ አድርጎ ሳለ የተወለደችውን፣ «ማስኬ» የምንላትን። ትናንት ገላዋ ቀልቶ አየሁ።

«ሙቀት ነው፣ እማማ» አለችኝ እናቷ።

«ከወንዙ አትቅጂ።»

«ታዲያ ከየት ልቅዳ?»

 

አባትሽ ሁለት ዓመት ሥራ ፈቶ ግድግዳ ሲያይ ከርሞ ፋብሪካው ሲጠራው ደስታ አላስቀመጠኝም ነበር። አሁን ሲመለስ እጁን ሦስቴ በሳሙና ይታጠባል። የቀዳሁትን ውሃ አይነካም፤ ከሱቅ ገዝቶ ይጠጣል፣ ለኔም ያመጣልኛል። «ምነው?» ስለው፣ «እማዬ፣ ተይኝ» አለ። ያኔ ገባኝ።

ዛሬ ጠዋት ከቧንቧው አፍ አንድ ጠርሙስ ቀዳሁ። ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ልላከው ብል ለልጄ ፈራሁ፣ ልተወው ብል ለማስኬ። ላንቺ ልልከው ቆረጥሁ። አባትሽ ሳይገባ የአውቶቡሱ ሹፌር መጥቶ ይወስደዋል።

ሳትደውሉ ኑ። ቧንቧ ከፋቹን ስታገኚው ግን አትጩኺበት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ትምህርት ቤት በትከሻው ተሸክሞ ያደርስሽ ነበር።

ክፉ አይይሽ፣ የረገጥሽው ይለምልም።

አያትሽ

በር ላይ እየተጠራሁ ነው። ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሹፌሩ «እማማ» ነው የሚለኝ፤ ይሄ የሚጣራው ግን «እማዬ» እያለ ነው።