ቡጋን ደረጃ ላይ ሸመነች

አርችዌይ፣ ሚያዝያ 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ እታለማሁ፤ ጤናዎ እንደ ፈትልዎ ሳይበጠስ ይቆይልኝ። እኛ፣ ክብሩ ይስፋና፣ የፈረንጅ አገሩን ብርድ ለምደን ደህና ነን።

ስለ ፊሊፒናዊቷ ጎረቤቴ፣ ስለ ካርመን ነግሬዎት የለ? ካርመን መባሉን ትታለች፤ አሁን በአያቷ ስም ቡጋን ነች። ካርመን ያሏት የፈረንጅ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲያስገቧት ነው፤ ያገሯንም ልብስ «የአረመኔ ነው» ብለው አስጥለዋታል። ዘንድሮ አክስቷ የሽመናውን አሠራር በካሴት ቀድታ ላከችላት። እነሱ ዘንድ የምትሸምነው ሴት ናት፤ ድሩን ከምሰሶ አስራ፣ ሌላውን ጫፍ በወገቧ ታጥቃ፣ ወደ ኋላ ለጠጥ እያለች ትወጥረዋለች። ምሰሶ ብታጣ ቤቱን ከሚያሞቀው ባለ ሙቅ ውሃ ብረት፣ ከራዲያተሩ አታስረው መሰለዎት! ተነቅሎ ቤቱን ውሃ ሞላው፤ በባልዲ የደረስኩላት እኔ ነኝ። እሷ ግን ወይ ፍንክች! የጋራው ደረጃ ብረት ላይ አሰረችና ቀጠለች።

በፋሲካ ማግስት እዚሁ አቅራቢያችን ፊንስበሪ ፓርክ፣ ያገሯ ሰዎች የተሰበሰቡበት አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ሸምና የጨረሰችውን ቀይ ልብስ አገልድማ ገባች። ያገሯ ሴቶች እያለቀሱ ሲጨፍሩ እኔም እልልታዬን አቀለጥኩት!

ልጄ ቢታንያም አብራኝ ነበረች። ባለፈው በስልክ «ሄሎ» ብላዎት የሮጠችው አማርኛው እየጠፋባት አፍራ ነው፣ አይቀየሟት። ከአዳራሹ ስንወጣ ምን አለችኝ? «የኔ አያትስ ካሴት የላትም?»

እንግዲህ መንገደኛ ሲገኝ፣ ጥጥ እየፈተሉ ያወሩልን የነበረውን ተረት ቀድተው ይላኩላት። አደራዎን፣ ቀስ እያሉ ይናገሩ፤ በጣም ቀስ እያሉ።

ጉልበትዎን ስማ የማትጠግብ ልጅዎ፣
ሮማንወርቅ