የፌሬይራ ሽማግሌዎች

ዓርብ

ነገ ሽማግሌ ሊመጣብኝ ነው፤ እኔ እስካሁን የልጁን የአያት ስም በቅጡ መጥራት አልቻልኩም። ፌሬይራ። ሳምሪ ስንቴ አረመችኝ። "እማዬ፣ ፌ-ሬይ-ራ! ኢትስ ኢዚ!" ለአንቺ ኢዚ ነው፤ የምታገቢው አንቺ ነሽ።

ያልጨረስኩት፦ ሳሎን ማጽዳት። ዶራቪል ገበያ ሄዶ የፍየል ሥጋ መግዛት፤ ወንድሜ ጋሼ ደምሴ በግ አይበላም። ታች ያለው ሽንት ቤት ውኃ ያንጠባጥባል፤ እሱስ ይቅር።

ማርኮስ ከሥራ ሲወጣ ብቅ አለ። አቶ ጌታቸው ጋራዥ መኪና ቀለም ይቀባል፤ ዛሬ ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ነበር። "ነገ አንተ ቤት አትገባም፣ መኪናህ ውስጥ ትጠብቃለህ፤ ሙሽራ ለራሱ አይለምንም" አልኩት። ሳቀ። የሚለምኑለት አቶ ጌታቸው፣ የአቶ ጌታቸው ጎረቤትና ከብራዚል ጀምሮ ያሳደገው አጎቱ ዜ ናቸው።

"ዘርህን ይጠይቃሉ። ለመሆኑ ስምህ ምን ማለት ነው?" አልኩት። እኛ ዘንድ ትርጉም የሌለው ስም የታለ? ደስ ብሎት ጀመረ። ፌሬይራ የቦታ ስም ነው አለኝ። ፖርቱጋል ውስጥ እንዲህ የሚባል መንደር ብዙ ነው፤ ከላቲን የመጣ ሆኖ ብረት የሚቆፈርበት፣ ብረት የሚቀጠቀጥበት ቦታ ማለት ነው። ከዚያ የወጣ ሰው ሁሉ "የፌሬይራው" ሲባል ሲባል ስሙ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ፣ ማን ያነበዋል? "ብረት የሚቀጠቀጥበት" ሲል ሰውነቴ ውርር አለ። እኔ ባደግኩበት አገር ቀጥቃጩ ማረሻችንን ይሠራልናል፤ እኛ ደግሞ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል እያልን ልጆቻችንን እንደብቅበታለን። በልጅነቴ ስንቴ ፈርጥጫለሁ! አሁን ሸብቼ፣ ያውም አትላንታ ቁጭ ብዬ፣ ሳላስበው ሳምሪን ልደብቃት በእጄ ፈለግኋት። በራሴ ሳቅኩ፤ ግን አልቀለለኝም።

ይባስ ብሎ ልጁ ቀጠለ። የእሱ ዘሮች ፖርቱጋል አያውቁም። ከአፍሪካ በመርከብ ተጭነው የተሸጡ ናቸው፤ ስሙ የገዛቸው ሰውዬ ስም ነው።

"ማርኮስ፣ እንደ ልጄ ስማኝ። ነገ 'የቦታ ስም ነው' ይበቃል። ብረቱንም ባርነቱንም ተዋቸው።"

"ለምን?"

"ስላልኩህ!"

"ኦኬ ማሚ" አለኝ። ማሚ ሲለኝ ደስ ይለኛል። ለሳምሪ ግን አልነግራትም፣ ትኮራብኛለች።

ቅዳሜ

 ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ሽማግሌዎቹ መጡ። "ተቀመጡ" አልን። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ፣ እንደ ደንቡ። አጎት ዜ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ እንደ ሌሎቹ ቆመ፤ ደስ አለኝ። ሳምሪ እንደ ደንቡ መኝታ ቤት ተደብቃለች። በእኛ በኩል ተቀባዩ ጋሼ ደምሴ ነው። አባታችን ሲሞት እሱ ነው ያሳደገኝ፤ የሳምሪም አባት ሲሞት ከሚነዳው የኤርፖርት ሻትል እየወረደ ትምህርት ቤት ያመላለሳት እሱ ነው። ቤቴ ያለ እሱ ቃል ቃል የለውም።

"ልጁ ከማን ወገን ነው?" አለ።

ለልጁ ነገርኩ እንጂ ለሽማግሌው አልነገርኩም። የሚናገረው ግን ሽማግሌው ነው! እንዴት ያለሁ ጅል ነኝ! አጎት ዜ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው አንድም ሳያስቀር ነገረን። ብረቱን ነገረን። የእሱ አያት አያት በገበያ እንደተሸጠ፣ ደረቱ ላይ በጋለ ብረት ምልክት እንደተተኮሰበት፣ ቄሱ ሲያጠምቀው ፌሬይራ የሚለውን የጌታውን ስም እንዳሸከመው፣ ሲጠፋ ተይዞ ጅማቱ እንደተቆረጠ። ደረቱን በመዳፉ እየመታ ነው የተናገረው፤ ዘር ሲጠየቅ እውነት መናገር ክብር መስሎታል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ጋሼ ደምሴ በአማርኛ፣ "አባቶቻችንን ካቶሊክ ካላደረግን ብለው ደም ያፋሰሱት ፖርቱጋሎች ስም ነው። ቀጥቃጭ ነው። ባርያ ነው። የቀረ ነገር አለ?" አለ።

አቶ ጌታቸው፣ "ኧረ ነውር ነው፣ ጋሼ ደምሴ!" አሉ። ጋሼ ደምሴ ተነስቶ ወጣ። አየር ሊወስድ መሰለኝና ወጤን ላማስል ኩሽና ገባሁ።

በመስኮት አየሁት። ከመኪናው ኋላ የክሪኩን ብረት አወጣ። ማርኮስ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ከኋላ ሄዶ ጭንቅላቱን አለው። ሊደግመው ሲል ልጁ ሳያይ እጁን አነሳ፤ እጁን ሰበረው። እስከ ኩሽና ተሰማኝ። ሦስተኛውን ዓይኑ ላይ። ከዚያ ብረቱን መልሶ ከተተና ነድቶ ሄደ። እኔ ማማሰያውን እንደያዝኩ መስኮቱ ላይ ቀረሁ።

ፖሊስ መጣ። ማርኮስ ማን እንደመታው አላየም። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ነበሩ። ፖሊሱ ወደ እኔ ዞሮ ምን እንዳየሁ ጠየቀኝ።

"ምንም። ወጥ እያማሰልኩ ነበር" አልኩ።

ሳምሪ ከኋላዬ ቆማለች፣ ሁለት እጇ ደም በደም።

እሁድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ሆስፒታል።

የተሰበረው ግራ እጁ ነው። ጭንቅላቱ ተሰፍቷል። ግራ ዓይኑ ይድን አይድን ገና አይታወቅም። እንደ ዱባ አብጧል፣ እግዚአብሔር ይማረኝ፣ ማየት አልቻልኩም።

ቁስሉን የምታጥበው ነርስ ህንድ ናት። ባጇን አየሁት፤ ፌሬይራ ይላል! ዓይኔ ነው ብዬ ተጠጋሁ። ጎዋ ከሚባል የህንድ አገር ነኝ አለች፤ ፖርቱጋሎች ይገዙን ነበር፣ ቄሶቻቸው መንደሩን በጅምላ እያጠመቁ የራሳቸውንም የክርስትና አባቱንም ስም ያድሉ ነበር፤ በግድም በጥቅምም የገባ አለ። ማርኮስ በዚያ በተሰነጠቀ ከንፈሩ፣ "ሃይ፣ ከዝን" አላት፤ የአጎቴ ልጅ ማለቱ ነው። ሳቀችና አለቀሰች። እሱም ሲስቅ ከንፈሩ እንደገና ደማ። እኔ ኮሪደር ወጣሁ። አንድ ስም ስንት አገር ገብቶ ስንት ሰው ላይ ተጭኗል!

ሳምሪ ተከትላኝ ወጣች። ነርስ ናት ልጄ፤ በሽተኛ ባለበት ድምጿን አታነሳም።

"እማዬ፣ አይተሻል።"

"ወጥ እያማሰልኩ..."

"እያማሰልሽ ከነበረ ለምን አረረ?"

 ድስቱ እስካሁን ምድጃው ላይ ነው፣ ከሰል ሆኖ።

"አጎቴ እንደሆነ አውቃለሁ። ላይክ፣ ሁሉም ያውቃል። ግን ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ካልተናገርሽ እኔ እናት የለኝም" አለችኝ። ይችን ነው ያሳደግኳት። እንዲህ ትላለች ብዬ አላስብም ነበር፤ ስትለውም አልተቆጣሁም፤ ፈራሁ።

ሰኞ

ሥራ ገባሁ፣ ኮሌጅ ፓርክ ያለው ሆቴል። አልጋ ሳነጥፍ አንሶላው ሁሉ ደም ያለበት ይመስለኛል።

ከእኔ ጋር ክፍል የምታጸዳው ሎሬታ ምን ሆንሽ አለችኝ። በስሙ ምክንያት ሰው እንደተመታ ብቻ ነገርኳት። እዚሁ ጆርጂያ የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ትራስ እየደበደበች፣ "የእኔም ላስት ኔም ቅድመ አያቴን የገረፈው ሰውዬ ስም ነው። ቼክ በፈረምኩ ቁጥር ስሙን እጽፋለሁ። ታዲያ ወንድምሽ እኔንም ሊመታኝ ነው?" አለች። ወንድሜ ነው አላልኳትም ነበር። ከፊቴ አነበበችው።

መርማሪው መልእክት ትቷል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤት ይመጣል። ጋሼ ደምሴ ደጋግሞ ይደውላል፤ አላነሳሁም።

ማክሰኞ

መጣ። ለጋሼ ደምሴ በሩን ከፈትኩለት፣ ሞኝ! 

"ሌባ ነው በይ። ኮፍያ ያደረገ። አበቃ።"

"ልጁ ዓይኑ ሊጠፋ ነው።"

"የእሱ ዓይን ቢጠፋ ይሻላል የሳምሪ ልጆች ከሚበሉ! ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። ዘራችንን ከቀጥቃጭ ልትቀላቅይ ነው?"

"ጋሼ፣ ልጁ መኪና ነው የሚቀባው! ብረት የቀጠቀጡት ሌሎች፣ ስሙን የጫኑበት ሌሎች! ደግሞስ ቢቀጠቅጥ? ያንን ማረሻ ባይሠሩልን ምን በልተን እናድግ ነበር?"

ይህን ተናግሬ ራሴ ደነገጥኩ፤ እስከዛሬ አስቤው አላውቅም።

"ግሪን ካርዴን ይነጥቁኛል። አስረው ይመልሱኛል። እኔን፣ በጀርባዬ ያዘልኩሽን!" ከዚያ በፀጉሬ ያዘኝ። ጎትቶ ግድግዳው ላይ አጋጨኝ። ጆሮዬ ጮኸ። "ምን አየሽ?" ይላል፣ ያጋጨኛል፤ "ምን አየሽ?" ይላል፣ ያጋጨኛል። አንገቴን ሲያንቀኝ እጄ ጠረጴዛው ላይ ዘነዘናውን አገኘ። ጉልበቱን አልኩት። አልለቀቀኝም። ደገምኩት፣ በኃይል። ወደቀ።

ወለል ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ዘነዘናውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ደግመህ ብትነካኝ እገድልሃለሁ አልኩት፤ የምሬን ነበር፤ ይኼ ነው ያስፈራኝ። እያነከሰ ወጣ። አንገቴ ላይ ጣቱ ሁሉ ይቆጠራል። ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ አልለውም።

ግን ደግሞ እውነቱን ነው፤ በጀርባው አዝሎኛል። ወንዝ ሞልቶ፣ ውኃው እስከ ደረቱ፣ እኔ ትከሻው ላይ። ምን ላድርግ?

ረቡዕ

ሆስፒታል ሄድኩ፣ አንገቴን በሻርፕ ሸፍኜ። ሳምሪ እሷ በምትሠራበት ሌላ ሆስፒታል ዲዩቲ ላይ ናት፤ እሷ እንደማትኖር አውቄ ነው የሄድኩት። ማርኮስ ተኝቷል። አጎት ዜ አጠገቡ።

"ይቅርታ" አልኩት። "እኔ ነኝ ያልነገርኩህ። ያንን ታሪክ እኛ ጋ አይነገርም።"

"የት ነው የሚነገረው ታዲያ?" አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም፤ ከልቡ ጠየቀኝ።

ሳላስብ፣ "ለምን አልጣላችሁትም? የደብዳቢያችሁን ስም ይዛችሁ መኖር!" አልኩት። የእሱ አያት አያት አራት ወንድማማች ነበሩ አለኝ። አንድ ጌታ ስም ሰጣቸው፣ ከዚያ እየለያየ ሸጣቸው። አንዱ አገዳ እርሻ፣ አንዱ ማዕድን፣ አንዱ ወደብ፣ አንዱ ወዴት እንደሆነ ያልታወቀ። ነፃ ሲወጡ መፈላለጊያ ሌላ ምንም አልነበራቸውም። የእናታቸውን ቋንቋ ረስተዋል፣ መልክ ተለውጧል። በየከተማው ፌሬይራ የሚባል ጥቁር ሰው አለ ወይ እያሉ ጠየቁ። ሁለቱ ተገናኙ። ሦስተኛው ነው ብለው አንድ ፌሬይራ ዘንድ ሄዱ፤ ሌላ ሰው ሆነ። አብሯቸው ኖረ፣ ወንድም አደረጉት። አራተኛው እስከ ዛሬ የለም።

"ስለዚህ አንጥለውም፤ ምናልባት ይጠይቅ ይሆናል" አለኝ።

ሻርፔን ፈታሁ። አንገቴን አየው። ወንበሩን ለቆልኝ ቆመ።

ሐሙስ

መርማሪው መጣ። ሴት ናት፤ ወንድ መስሎኝ ነበር፣ መልእክቱን የተወው ሌላ ሰው ኖሯል። ሳምሪ ደውዬላት መጣች። በሩ ሥር ቆመች፣ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

መርማሪዋ ወረቀቷን አይታ፣ "ከደምሴ ጋር ላስት ኔማችሁ አንድ ነው። ዘመድ ናችሁ?" አለችኝ።

"ወንድሜ ነው። እሱ ነው ያሳደገኝ።"

"ቅዳሜ ምን አየሽ?"

ሳምሪን አላየኋትም። ካየኋት ለእሷ ብዬ የተናገርኩ ይመስለኛል። ክሪኩን፣ ሦስቱን ምት፣ ነድቶ መሄዱን ነገርኳት። አንገቴንም አሳየኋት። በዘነዘና እንደመታሁት አልደበቅኩም። ቃሌን ስጨርስ ፊቴን ልታጠብ ሲንኩ ላይ ጎነበስኩ። ሳምሪ ጀርባዬን ይዛ ነበር። መቼ እንደመጣች አላወቅኩም።

ደምሴን ኤርፖርት፣ ተሳፋሪ እያወረደ ሳለ ያዙት። ሚስቱ ጽጌ ደውላ፣ "የወንድምሽን ሥጋ ብይ፣ አንቺ ነሽ ቡዳዋ!" አለችኝ። እስክትጨርስ ሰማኋት። ምን እላታለሁ? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ዓርብ

ጠዋት ተነስቼ የፍየል ጥብስ ሠራሁ፣ ደምሴ እንደሚወደው፣ ቃሪያ በዝቶበት። በሳህን አሽጌ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ቁልፌን አነሳሁ። ሳምሪ ሳሎን ሶፋው ላይ ነው ያደረችው።

"የት ነው?"

"ስንቅ ላቀብል ነው። ሰው ሲታሰር ስንቅ ይወሰድለታል።"

"እማዬ፣ እዚህ ምግብ ከውጭ አይቀበሉም።"

"ለምን አይቀበሉም? ወንድሙ ነኝ... እህቱ ነኝ!"

"አይቀበሉም፣ እማ። ኢት ኢዝ ጄይል።"

ሳህኑን እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እንዲህ ያለ አገር! አስሮ እንኳ ማብላት አይቻልም። እንደ ጉድ አለቀስኩ፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ለወንድሜ ሳለቅስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሳምሪ ጎኔ ተቀመጠች። ሳህኑን ከጭኔ አነሳችና፣ "ሳይቀዘቅዝ እንሂድ" አለች።

ሆስፒታል ሄድን። ማርኮስ አንድ እጁ በጀሶ፣ አንድ ዓይኑ በፋሻ፤ እንጀራ መቁረስ አቃተው። እኔ ነኝ ያጎረስኩት። ለማን እንደተሠራ ሳምሪ ልትነግረው ስትል በዓይኔ ከለከልኳት፤ በኋላ ግን ራሴ ነገርኩት። ማኘኩን አቆመ። አየኝ። ከዚያ አፉን ከፈተ፣ እኔም ደግሜ አጎረስኩት።

ዓይኑን ሰኞ ይፈቱለታል።